ክሎሪን የቤንዚንን ቀለበት እያደከመ ስለምን ወደ ኦርቶና ወደ ፓራ ይመራል?

ሰብለ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ኮርሳችን በአሮማቲክ ውሁዶች ላይ ወደሚካሄዱ የመተካት አጸግብሮቶች ደርሷል። ቤንዚን በወረቀት ላይ ሦስት ድርብ ትስስር ያለው ቢመስልም እንደ ኤቲሊን ብሮሚንን በቀላሉ የማይደምረው፣ ስድስቱ ፓይ ኤሌክትሮኖች በቀለበቱ ዙሪያ ተዘርግተው ትልቅ እርጋታ ስለሚሰጡት እንደሆነ፣ በመሆኑም ይህን እርጋታ ከሚያጣ ይልቅ አንድ ሃይድሮጅን ለቆ በምትኩ ሌላ ቡድን መቀበልን እንደሚመርጥ ገብቶኛል። ናይትሬሽን፣ ሰልፎኔሽን፣ ሃሎጅኔሽን፣ የፍሪደልና ክራፍትስ አጸግብሮቶች (የካርቦን ቡድን የሚያስገቡት) ሁሉ የአንድ ሐሳብ ልዩ ልዩ መልኮች መሆናቸውንም ተረድቻለሁ።

የተቸገርኩት አስቀድሞ በቀለበቱ ላይ ያለ ቡድን ሁለተኛውን መጪ ወዴት እንደሚመራ ስንማር ነው (ኦርቶ ከቡድኑ ቀጥሎ ያለው፣ ሜታ አንድ ካርቦን ዘሎ ያለው፣ ፓራ ደግሞ ትይዩው ቦታ ነው)። የተሰጠን ሠንጠረዥ ሁለት ዓምድ አለው። በአንደኛው ቀለበቱን የሚያነቃቁና ወደ ኦርቶና ፓራ የሚመሩ፣ ማለትም ሜቲል፣ ሜቶክሲ፣ ሃይድሮክሲና አሚኖ ተቀምጠዋል፤ በሌላው ደግሞ ቀለበቱን የሚያደክሙና ወደ ሜታ የሚመሩ፣ እነ ናይትሮ፣ ሲያኖና ካርቦክሲል ይገኛሉ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ከሠንጠረዡ ግርጌ ግን ሃሎጅኖች «የሚያደክሙ ሆነው ወደ ኦርቶና ፓራ የሚመሩ» ተብለው እንደ ልዩ ሁኔታ ተጽፈዋል። መምህራችንን ስንጠይቅ «ለፈተናው ሸምድዱት» አሉንና አለፉት።

እኔ መሸምደድ አልፈልግም። ክሎሪን ኤሌክትሮን የሚሰጥ ከሆነ ቀለበቱን ስለምን ያደክመዋል? የሚነጥቅ ከሆነስ እንደ ናይትሮ ወደ ሜታ የማይመራው ስለምንድን ነው? ሁለቱ አባባሎች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ስለመሰለኝ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ሄክሳጎን

እኅት ሰብለ፣ ሁለቱ አባባሎች የሚጣሉ የመሰለሽ ሠንጠረዡ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ መስመር ላይ አጣብቆ ስላቀረበልሽ ነው። «ያነቃቃል ወይስ ያደክማል?» ብለን ስንጠይቅ ክሎሮቤንዚንን (ክሎሪን ያለበትን ቤንዚን) ከሌላ ሞለኪውል፣ ከራሱ ከቤንዚን ጋር እያወዳደርን ነው። «ወዴት ይመራል?» ስንል ግን ቤንዚን ከጨዋታው ወጥቷል፤ የምናወዳድረው በዚያው በአንዱ ክሎሮቤንዚን ላይ ያሉትን ኦርቶ፣ ሜታና ፓራ ቦታዎች እርስ በርሳቸው ነው። ሦስቱም ቦታዎች ከቤንዚን አንጻር ደክመው ሳለ ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ ያነሰ ሊደክም መቻሉ ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልሽ ቁጥሮቹን እንያቸው። በናይትሬሽን (ናይትሮ ቡድን በሚገባበት አጸግብሮት) ጊዜ የአንዲቱን የቤንዚን ቦታ ፍጥነት 1 ብለን እንነሣ። በክሎሮቤንዚን ላይ የአንዱ ኦርቶ ቦታ ፍጥነት 0.029፣ የአንዱ ሜታ ቦታ 0.0009፣ የፓራው ደግሞ 0.137 ገደማ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ፓራ እንኳ ከቤንዚን ቦታ በሰባት እጥፍ ያህል ይዘገያል፤ ኦርቶው ከሠላሳ እጥፍ በላይ ይዘገያል፤ ሜታው ግን ከሺህ እጥፍ በላይ ስለሚዘገይ ከነጭራሹ የሞተ ያህል ነው። አሁን ደምሪያቸው። ሁለት ኦርቶ፣ ሁለት ሜታና አንድ ፓራ ሲደመሩ 0.197 ያህል ይመጣል፤ የቤንዚን ስድስት ቦታዎች ድምር 6 ስለሆነ አካፍለሽ 0.033 ታገኛለሽ። ክሎሮቤንዚን ከቤንዚን ሠላሳ እጥፍ ያህል ዘገምተኛ ነው የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚያው ድምር ውስጥ የእያንዳንዱን ድርሻ ብታወጪ ደግሞ ፓራው ወደ 70 በመቶ፣ ኦርቶው ወደ 30 በመቶ ይሆናል፤ ሜታው 1 በመቶም አይሞላ። ድካሙም አመራሩም ከአንድ ዓይነት ቁጥሮች ነው የሚወጡት።

ከቶሉይን (ሜቲል ካለበት ቤንዚን) ጋር ብታነጻጽሪው ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። በቶሉይን ላይ ኦርቶው 42፣ ሜታው 2.5፣ ፓራው 58 ገደማ ነው። ልብ በይ፣ ሜቲል የማይመራበት ሜታ ቦታ እንኳ ከቤንዚን ይፈጥናል። ሜቲል ሁሉንም ከፍ ሲያደርግ ክሎሪን ሁሉንም ዝቅ ያደርጋል፤ የደረጃው ቅደም ተከተል ግን በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ ፓራ ይቀድማል፣ ኦርቶ ይከተላል፣ ሜታ ወደ ኋላ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ክሎሪን ሁሉንም ዝቅ ሲያደርግ ኦርቶንና ፓራን በከፊል የሚምርበት ምክንያት ምንድን ነው የሚል ነው። መልሱን የምናገኘው ቀለበቱ ከመጠቃቱ በፊት ባለበት ሁኔታ ላይ ብቻ ሳይሆን ከተጠቃ በኋላ በሚፈጠረው ፖዘቲቭ መካከለኛ፣ በአሬኒየም አዮን ላይ ነው። ኤሌክትሮፋይሉ (ኤሌክትሮን ፈላጊው መጪ) ከአንድ ካርቦን ጋር ሲጣበቅ አሮማቲክነቱ ለጊዜው ይፈርሳል፤ ይህ እርምጃ ከሁሉ የሚከብደው ስለሆነ የሂደቱን ፍጥነት የሚወስነው እርሱ ነው። ሃይድሮጅኑ ወጥቶ አሮማቲክነቱ የሚመለስበት ሁለተኛው እርምጃ ፈጣን ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሆነው በቤንዚን ላይ ያለውን ሃይድሮጅን በከባዱ ሃይድሮጅን፣ በዲዩቴሪየም ብንተካው የናይትሬሽኑ ፍጥነት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አለማሳየቱ ነው። የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር የሚበጠስበት እርምጃ ፍጥነቱን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ከባዱ ሃይድሮጅን ጉልህ መዘግየት ባመጣ ነበር።

እንግዲህ እርሳስ አንሺና ሦስቱን አሬኒየም አዮኖች ሳዪ። ጥቃቱ ከክሎሪን ትይዩ በፓራ ሲሆን ፖዘቲቩ ቻርጅ በሦስት ካርቦኖች ላይ ይዘዋወራል፤ ከሦስቱ አንዱ ክሎሪን የተቀመጠበት ካርቦን ነው። በኦርቶም እንዲሁ ነው። ቻርጁ ክሎሪን አጠገብ ሲደርስ ክሎሪን በትስስር ካልገቡት ኤሌክትሮኖቹ ሁለቱን አበድሮት ድርብ ትስስር ይሠራና አራተኛ የሬዞናንስ ቅርጽ (የዚያው አዮን ሌላ አማራጭ ሥዕል) ይጨመራል፤ በዚህ ቅርጽ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ስምንት ኤሌክትሮን የተሟላለት በመሆኑ አዮኑን በደንብ ይደግፈዋል። ጥቃቱ በሜታ ሲሆን ግን ፖዘቲቩ ቻርጅ ክሎሪን ባለበት ካርቦን ላይ ፈጽሞ አያርፍም፤ ስለዚህ ክሎሪን ልስጥ ቢል እንኳ የሚሰጥበት መንገድ የለውም።

መንጠቁስ? ክሎሪን ከካርቦን ይልቅ ኤሌክትሮን ወደ ራሱ የሚስብ ነው፤ በፖሊንግ መለኪያ ክሎሪን 3.16፣ ካርቦን 2.55 ነው። ይህ ስበት በሲግማ ትስስሩ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ አራተኛ ቅርጽ ኖረ አልኖረ ሥራውን አይተውም፤ ፖዘቲቭ የሆነውን አዮን በሦስቱም ቦታዎች ይጎዳዋል። መስጠቱ ደካማ የሆነው ደግሞ በትስስር ያልገቡት የክሎሪን ኤሌክትሮኖች ያሉት በ3ፒ ኦርቢታል ውስጥ ሆኖ የካርቦኑ 2ፒ ስለሆነ፣ ሁለቱ በመጠን ስለማይመጣጠኑ በቅጡ አይደራረቡም። በአንድ እጁ የሚሰጠው በሌላው ከሚነጥቀው ያንሳል፤ በጠቅላላው ሲታይ ያደክማል። የሚሰጠው ጥቂቱ ነገር ግን ለኦርቶና ለፓራ ብቻ ስለሚደርስ አመራሩን የሚወስነው እርሱ ይሆናል። በኦክስጅንና በናይትሮጅን ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ሁለቱም ከካርቦን ይልቅ ኤሌክትሮን ሳቢ ቢሆኑም በ2ፒ ኦርቢታላቸው በኩል የሚሰጡት ከሚነጥቁት እጅግ ስለሚበልጥ ፌኖልና አኒሊን (ሃይድሮክሲና አሚኖ ያለባቸው ቤንዚኖች) ከቤንዚን በብዙ እጥፍ ፈጣን ይሆናሉ።

እንደኔ እንደኔ ሃሎጅኖችን «ልዩ ሁኔታ» ብሎ ከግርጌ መጻፍ ትክክል አይደለም። ይልቁን ከእነርሱ ቢጀመር ሌሎቹ ቡድኖች በቀላሉ ይገቡ ነበር።

ነጭ ጋውን

ሄክሳጎን ነገሩን በሚገባ ስላስረዱት፣ እኔ በቤተ ሙከራ በኩል የሚታየውን ልጨምርበት።

የቡድኖችን ኃይል በዓይን ማየት የፈለገ ሰው ብሮሚንን ይመልከት። ቤንዚንን ወይም ክሎሮቤንዚንን ከብሮሚን ጋር ብቻውን ብትቀላቅዪው ቀይ ቡናማው ቀለም እንዳለ ይቆያል፤ ወደ ሥራ እንዲገባ የብረት ዱቄት ወይም ፌሪክ ብሮማይድ ያስፈልገዋል። አኒሊን ላይ ግን የብሮሚን ውሃ ጠብ ስታደርጊ ቀለሙ ወዲያው ይጠፋና ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል፤ ዝቃጩ ሦስቱም ኦርቶና ፓራ ቦታዎች በብሮሚን የተያዙበት ትራይብሮሞአኒሊን ነው። አንድ ብሮሚን ብቻ ፈልጎ ለሚሠራ ሰው ይህ ፍጥነት ችግር ነው።

ስለዚህ አኒሊኑን አስቀድመን በአሴቲክ አንሃይድራይድ ወደ አሴታኒላይድ እንለውጠዋለን። በትስስር ያልገቡት የናይትሮጅኑ ኤሌክትሮኖች አሁን ከጎኑ ያለውን ካርቦኒልም ማገልገል ስላለባቸው ለቀለበቱ የሚተርፈው ይቀንሳል። አሴታኒላይዱን በግላሲያል አሴቲክ አሲድ አሟሙተሽ፣ በአሴቲክ አሲድ የተበረዘ ብሮሚን በጠብታ እየጨመርሽ ስታማስዪው፣ እያንዳንዱ ጠብታ ሲወርድ ብርቱካናማ ሆኖ ወዲያው ይደበዝዛል። ወደ ማብቂያው ቀለሙ መደብዘዙን ትቶ መቆየት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይገለበጣል፤ የተረፈው ብጫነት ጥቂት ሶዲየም ባይሰልፋይት ሲጨመርበት ይጠፋል፤ ተጣርቶ በኤታኖል ዳግም ሲቀረጽ ነጭ መርፌ መሰል ክሪስታል ይወጣል። በ167 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከቀለጠ ፓራ-ብሮሞአሴታኒላይድ መሆኑን ትተማመኛለሽ። ይህን ስትሠሪ ግን ጭስ ማውጫው ሥር ሁኚ፣ ጓንትም አይለይሽ፤ ብሮሚን ቆዳ ላይ ሲያርፍ ክፉኛ ያቃጥላል።

አኒሊንን በቀጥታ ናይትሬት ለማድረግ መሞከርም ሌላ ወጥመድ አለው። ሰልፈሪክ አሲዱ አሚኖውን ፕሮቶን ስለሚሰጠው አኒሊኒየም አዮን ይፈጠራል፤ ይህ ደግሞ የሚሰጠው ኤሌክትሮን የሌለው፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ነጣቂ ቡድን ነው። ውጤቱ በአብዛኛው ግማሽ በግማሽ ያህል የሜታና የፓራ ቅልቅል ሲሆን ኦርቶው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ላይ አሚኖ ወደ ኦርቶና ፓራ ይመራል ብሎ የሸመደደ ተማሪ ብልቃጡ ውስጥ ያለው አሚኖ አለመሆኑን ካላስተዋለ ግራ ይጋባል።

ወደ ክሎሮቤንዚን ስንመለስ፣ ኦርቶው ከፓራው የሚያንሰው ክሎሪን በመጠኑ ትልቅ ስለሆነ አጠገቡ ያለውን ቦታ ስለሚያጣብብ ነው። የሁለቱ ውጤቶች መለያየት ደግሞ ለኢንዱስትሪው ትልቅ ጉዳይ ነው። ፓራ-ክሎሮናይትሮቤንዚን በ83 ዲግሪ ሲቀልጥ ኦርቶው በ33 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ቅልቅሉን በማቀዝቀዝ ብዙውን ፓራ በክሪስታል መልክ ማውጣት ይቻላል፤ የቀረው በዲስቲሌሽን ይለያል። ፓራው ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሞቆ ፓራ-ናይትሮፌኖል ይሆናል፤ ናይትሮው ወደ አሚኖ ሲቀየር ፓራ-አሚኖፌኖል ይገኛል፤ በመጨረሻ አሴቲክ አንሃይድራይድ ሲጨመርበት በየቤታችን ያለው ፓራሲታሞል ይወጣል። ፓራሲታሞል የሚሠራበት መንገድ ይህ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን በሰፊው ሲሠራበት የኖረ ነው።

ቲትሬሽን

ከነጭ ጋውን ማብራሪያ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ኦርቶው የሚያንሰው በክሎሪን መጠን ምክንያት ነው በሚለው ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ለመስማማት ይቸግረኛል። ጉዳዩ የመጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሃሎጅኖቹ ሁሉ ትንሹ ፍሎሪን ብዙ ኦርቶ በሰጠ ነበር። የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ ፍሎሮቤንዚን ናይትሬት ሲደረግ ኦርቶው ከ12 ወይም ከ13 በመቶ ብዙም አይበልጥም፤ የተረፈው ከሞላ ጎደል ፓራ ነው። የስበቱ ጉዳት ለሃሎጅኑ በሚቀርበው ቦታ ላይ ስለሚበረታ ኦርቶ ከፓራ ይልቅ ይጎዳል፤ ፍሎሪን ደግሞ ከሁሉ የበረታ ሳቢ ነው። የመጠን መጣበብ በግልጽ የሚታየው ቶሉይንን ከቴርት-ቡቲልቤንዚን ጋር ስናስተያይ ነው፤ በቶሉይን ከግማሽ በላይ የነበረው ኦርቶ በቴርት-ቡቲልቤንዚን ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል።

ፍሎሪን ሌላም የሚነግረን ነገር አለ። ሳቢነቱ ከክሎሪን እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ፍሎሮቤንዚን በናይትሬሽን ከክሎሮቤንዚን ይፈጥናል፤ ከቤንዚን አንጻር ያለው ፍጥነት 0.15 ገደማ ነው። ኤሌክትሮኖቹ እንደ ካርቦኑ በ2ፒ ውስጥ ስላሉ ሲሰጥ በደንብ ይሰጣልና። ይህ ሄክሳጎን ስለ ኦርቢታሎች የጻፉትን ያጠናክረዋል።

ስለ ክሎሮቤንዚን ከተነሣ ዘንድ፣ በአገራችን ለወባ መከላከያ ለዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሲረጭ የኖረው ዲዲቲም የዚሁ አጸግብሮት ልጅ ነው። ክሎራል የተባለ ውሁድ በሰልፈሪክ አሲድ አማካይነት ወደ ኤሌክትሮፋይልነት ተለውጦ ሁለት ክሎሮቤንዚኖችን በተከታታይ ያጠቃል። በገበያ የሚገኘው ዲዲቲ ንጹሕ ያልነበረውም በዚሁ አመራር የተነሣ ነው፤ ሁለቱም ቀለበቶች በፓራ የተያዙበት ወደ 77 በመቶ፣ አንዱ በኦርቶ የተያዘበት ወደ 15 በመቶ ሆኖ ተቀላቅሎ ይወጣል።

ሰብለ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቁጥሮቹን ራሴ ደምሬ አካፍዬ አየኋቸው፤ ሥዕሎቹንም ሠራሁ። አሁን ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። አንደኛ፣ የቤት ሥራችን ከቤንዚን ተነሥተን ሜታ-ክሎሮናይትሮቤንዚን እንድንሠራ ያዘናል፤ ክሎሪን ወደ ሜታ የማይመራ ከሆነ በምን መንገድ ይሠራል? ሁለተኛ፣ ነጭ ጋውን ፓራ-ክሎሮናይትሮቤንዚን ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲሞቅ ክሎሪኑ እንደሚወጣ ጽፈዋል። ሃይድሮክሳይድ ኤሌክትሮን ፈላጊ ሳይሆን ኤሌክትሮን ሰጪ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ኤሌክትሮን የጠገበውን ቀለበት እንዴት ሊያጠቃው ይችላል?

ሄክሳጎን

የመጀመሪያው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ሁለተኛውን የሚመራው ቀድሞ የገባው ስለሆነ ናይትሮውን አስቀድሚ። ቤንዚንን በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ ቅልቅል ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ናይትሬት ታደርጊዋለሽ፤ ሙቀቱ በጣም ከፍ ካለ ሁለተኛ ናይትሮ መግባት ይጀምራል። ከዚያ ናይትሮቤንዚኑን በፌሪክ ክሎራይድ አጋዥነት ከክሎሪን ጋዝ ጋር ታዋህጂዋለሽ፤ ናይትሮው ወደ ሜታ ይመራዋል። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጪው የነጭ ጋውንን የኦርቶና ፓራ ቅልቅል ታገኛለሽ። ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥሽ፤ በናይትሮቤንዚን ላይ የፍሪደልና ክራፍትስ አጸግብሮት አይሠራም፤ ቀለበቱ እጅግ ከመድከሙ የተነሣ ናይትሮቤንዚን ለዚሁ አጸግብሮት ማሟሚያ ሆኖ እስከማገልገል ደርሷል። ስለዚህ ሜታ-ናይትሮአሴቶፌኖን ሥሪ ብትባዪ አሲሉን (አሴቲል ቡድኑን) አስቀድመሽ ናይትሮውን ታስከትያለሽ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ወደ ሌላ ዓይነት አጸግብሮት ያስገባናል። ያለ ናይትሮ፣ ክሎሮቤንዚንን ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ለማዋሃድ ዳው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፌኖል ሲያመርት ከ300 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀትና ከፍተኛ ግፊት አስፈልጎት ነበር፤ በዚያ ሙቀት የሚካሄደውም በቀጥታ መተካት ሳይሆን ቤንዛይን በሚባል መካከለኛ በኩል የሚያልፍ ነው። ናይትሮ በፓራ ሲኖር ግን 160 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። ሃይድሮክሳይዱ ክሎሪን ያለበትን ካርቦን ሲያጠቃ የሚፈጠረው መካከለኛ አሁን ፖዘቲቭ ሳይሆን ኔጋቲቭ ነው፤ የሚያስፈልገውም ኤሌክትሮን ሰጪ ሳይሆን ኤሌክትሮን ተቀባይ ጎረቤት ነው። ኔጋቲቩ ቻርጅ በቀለበቱ ላይ ሲዘዋወር ከተጠቃው ካርቦን አንጻር ኦርቶና ፓራ በሆኑ ካርቦኖች ላይ ያርፋል፤ ናይትሮው እዚያ ከተቀመጠ ቻርጁን ወደ ኦክስጅኖቹ ይወስደዋል። ኤሌክትሮፋይሉን ሲያባርር የነበረው ያው ናይትሮ ለኒውክሊዮፋይሉ (ለኤሌክትሮን ሰጪው መጪ) በር ከፋች ይሆናል ማለት ነው።

ናይትሮው በሜታ ከሆነ ቻርጁ ናይትሮ በተሸከመው ካርቦን ላይ ስለማያርፍ ይህን እርዳታ አያገኝም። የቤት ሥራሽ ውጤት የሆነው ሜታ-ክሎሮናይትሮቤንዚን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲሞቅ ክሎሪኑን እንደ ፓራው በቀላሉ የማይለቀው ለዚህ ነው። ናይትሮዎቹ በኦርቶና በፓራ ሲበዙ ደግሞ የሚያስፈልገው ሙቀት በፍጥነት ይወርዳል፤ ሁለት ሲሆኑ የሶዲየም ካርቦኔት ሙሙት በ100 ዲግሪ አካባቢ ክሎሪኑን ያስወጣዋል፤ ሦስት ሲሆኑ ለብ ያለ ውሃ ብቻ ይበቃል።